የእቴቴ ኮሪደር ላይ ያለችው ነጭ ሳጥን የማን ናት?

እቴቴ 79 ዓመታቸው ነው። ለንደን ውስጥ የካውንስል ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንገታቸው ላይ ከመስቀላቸው ጎን የምትንጠለጠል ቀይ ቁልፍ አለቻቸው። ቢወድቁ ይጫኗታል፤ መኝታ ቤት ያለው ማሽን በስልክ መስመሩ ይደውላል፤ ሰው ይደርስላቸዋል። ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ የቤቱ ብቸኛ የስልክ ሶኬት ያለው ኮሪደር ላይ፣ መግቢያው በር ጥግ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሶኬቱ ተነስቶ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ በምንጣፍ ስር ሾልኮ መኝታ ቤት የሚገባ አንድ ነጭ ገመድ ነበር። እቴቴ አምና ሁለት ጊዜ የተደናቀፉት በዚህ ገመድ ነው።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ሲወድቁ እንዲያነሳቸው የተገዛው ማሽን ገመድ ነው የሚጥላቸው።

ደወልኩ። ለየትኛው ድርጅት እንደደወልኩ መናገር አያስፈልግም። «ሶኬቱን ወደ መኝታ ቤት አዛውሩልን» አልኩ። መልሱ ሦስት ሳምንት መጠበቅና ከ100 ፓውንድ በላይ መክፈል ነበር። ስልኩን ልዘጋ ስል ልጁ አንድ ነገር ጨመረልኝ፦ «በራስሽ እንዳትነኪው፣ ያንቺ አይደለም»። ቅዳሜ ማኅበር ላይ ነገሩን ሳነሳ ደግሞ አንድ «ሁሉን እሠራለሁ» ባይ ወንድማችን ሳቀብኝ። «ሁለት ሽቦ እኮ ነው! ቆርጬ ላዛውርልሽ። 30 ፓውንድ ትሰጪኛለሽ፣ ማንም አያውቅም።»

የዛሬው ጽሑፌ ጠብ ከሁለቱም ጋር ነው። አንዱ «አትንኪ» ይላል፣ ሌላው «ቁረጪ» ይላል። ሁለቱም የማይሉት ነገር አለ፦ ሳጥኗ ምን እንደሆነች፣ የት ድረስ የእነሱ፣ ከየት ጀምሮ የእኛ እንደሆነች። ያንን ብታውቁ ለሁለቱም አትከፍሉም።

እንግዲህ ከታሪኩ ልጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እንግሊዝ አገር እስከ 1981 ድረስ ስልክ ማለት ኪራይ ነበር። መሣሪያውም ሽቦውም የፖስታ ቤቱ ነው፤ ስልኩ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የታሰረ ነው፤ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ላዛውር ካልክ ሰው ጠርተህ ትከፍላለህ። በ1981 ብሪቲሽ ቴሌኮም ከፖስታ ቤቱ ተለየ፤ በዚያው ዓመት የሚነቀልና የሚሰካ ሶኬት መጣ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ አንዲት ዋና ሶኬት ተተከለች። ማስተር ሶኬት የሚሏት እሷ ናት። ከምሰሶ ወይም ከመሬት ስር የሚመጣው መስመር የሚያልቀው እሷ ላይ ነው። ከውጭ እስከ እሷ ያለው የኔትወርኩ ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው አገሩ ይህ ማለት በ2006 የተቋቋመው ኦፕንሪች ማለት ነው። ከእሷ ወዲህ ያለው የቤቱ ሰው ነው።

ታዲያ ድንበሩ የት ላይ ነው? ሰው የማያየው ይህንን ነው። ሳጥኗን ቀረብ ብላችሁ እዩዋት። በብዙ ቤት ያለችው ዓይነት መሐሏ ላይ አግድም መስመር አላት፤ የታችኛው ግማሽ ፊቷ በሁለት ብሎን ተይዟል። ያቺ አግድም መስመር ድንበር ናት፤ እንደ ማንኛውም የአገር ድንበር ካርታ ላይ እንጂ መሬት ላይ የማታስታውቅ። የታችኛውን ክዳን ፈትታችሁ ብትስቡት ተነቅሎ ይመጣል። ከበስተጀርባው የተሰኩት የቤታችሁ ሽቦዎች ሁሉ አብረው ከመስመሩ ይላቀቃሉ፤ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ ሶኬት ታገኛላችሁ። የመፈተሻ ሶኬት ይባላል። ስልካችሁ እዚያ ላይ ተሰክቶ ከሠራ ጥፋቱ ከእናንተ ሽቦ ነው። እዚያም ካልሠራ የእነሱ ነው፤ ያለ ሐሳብ ደውሉላቸው። ክዳኗ ሆን ተብላ እናንተ እንድትፈቷት የተሠራች ናት! «አትንኪ» ያለኝ ልጅ ይህንን አልነገረኝም። ምናልባት እሱም አያውቅ ይሆናል።

ለድርጅቶቹ ልሟገትላቸው ካልኩ አንድ ጥሩ ምክንያት አላቸው። መስመር ሲበላሽ ከማዕከል ሆነው ይፈትሻሉ። ማስተር ሶኬቷ ውስጥ ያለው ካፓሲተርና ሬዚስተር አንዱ ሥራው ስልክ ባይሰካም እንኳ መስመሩ እዚያ ድረስ ጤነኛ መሆኑን ከሩቅ ማሳየት ነው። አንድ ጎበዝ ሳጥኗን ነቅሎ፣ መሐል ላይ ሽቦ ቀጥሎ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ግድግዳ ውስጥ ከቀበረው፣ ነገ ኢንተርኔቱ በተቆራረጠ ቁጥር የሚመጣው ቴክኒሻን የሚፈልገው የተቀበረ ሬሳ ነው። ይህን እቀበላለሁ።

የማልቀበለው ድንበሩ ከሰማይ የወረደ ነው መባሉን ነው። አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩትን የአክስቴን ልጆች ብትጠይቋቸው ይስቁባችኋል። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው ቤት ድንበሯ ውጭው ግድግዳ ላይ ያለች ግራጫ ሳጥን ናት። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለውን የስልክ ሽቦ የቤቱ ባለቤት ሊያዛውር፣ ሊቀጥል፣ ነቅሎ ሊጥል ይችላል። ይህም በስጦታ አልተገኘም። የአሜሪካው ስልክ ድርጅት ኤቲ ኤንድ ቲ አንድ ጊዜ የስልኩ አፍ ላይ የምትገጠም፣ ድምፅ እንዳይሰማ የምትከልል ኩባያ መሳይ ነገር ከልክሎ ነበር። ኩባያ! ኔትወርኩን ትጎዳለች ብሎ። የኩባያዋ አምራች ሐሽ ኤ ፎን ፍርድ ቤት ሄዶ በ1956 አሸነፈ። ከዚያ ቶማስ ካርተር የተባለ የቴክሳስ ሰው የሬዲዮ መገናኛን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ካርተርፎን የተባለ መሣሪያ ሠራ፤ ድርጅቱ አሁንም ከለከለ፤ በ1968 የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለካርተር ፈረደለት። ኔትወርኩን እስካልጎዳህ ድረስ የራስህን ዕቃ መሰካት ትችላለህ ተባለ። ሰማይ አልወደቀም። ከዚያ በኋላ ነው የመልስ መቀበያ ማሽኑም፣ ፋክሱም፣ የቤት ሞደሙም በየሶኬቱ የተሰካው። ለነገሩ ይህንን የምታነቡበት ኢንተርኔት ወደ ብዙ ቤት መጀመሪያ የገባው በዚያች በር ነው።

ስለዚህ «ያንቺ አይደለም» ሲሉኝ የምመልሰው «እሺ፣ ግን ማን ወሰነው? የት ላይ? ለምን እዚያ ላይ?» ብዬ ነው።

አሁን ወደ እኛ። እኛ ሐበሾች ይህንን ጥያቄ አንጠይቅም፤ ምክንያቱም የስልክ ሽቦ ፍርሃትን ይዘን ነው የመጣነው። ልጅ ሆኜ የቤታችን ስልክ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ እንደ ሙሽራ ተቀምጦ ነበር። ቁጥር መምቻው ላይ ቁልፍ ያለባቸው ቤቶችም ነበሩ። ስልኩን ከሳሎን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር የሚባል ሐሳብ የሚመጣለት ሰው አልነበረም። ሽቦው «የቴሌ» ነው፤ የቴሌ ማለት የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ማለት አትንካ ነው። ከዚያም በ2012 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ሲወጣ፣ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ መጠቀምና መያዝ ከ1 እስከ 4 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆነ። እንዲህ ካለ አገር የመጣች የ79 ዓመት ሴት ለንደን ላይ ነጭ ሳጥን ስታይ ምን እንድታስብ ትጠብቃላችሁ? እቴቴ ካቻቢቴ ይዤ ሲያዩኝ ያሉት «አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ይመጣብናል» ነው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ፍርሃት ደግሞ ሁለት ልጆች ይወልዳል። አንደኛው ዝም ብሎ መክፈል፣ ወይም ዝም ብሎ መደናቀፍ ነው። ሁለተኛው «ማንም አያውቅም» ነው። የ30 ፓውንዱ ወንድማችን ጀግና አይደለም፤ የዚያው ፍርሃት ሌላኛው ፊት ነው። የተፈቀደውን ስለማያውቅ ሁሉንም በስውር ይሠራል።

የእሱን «ሁለት ሽቦ» ደግሞ ላብራራለት። ትክክል ነው፣ ሁለት ናቸው። ነገር ግን መስመሩ ላይ ሁልጊዜ 50 ቮልት ገደማ አለ፤ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ 75 ቮልት ገደማ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ይጨመርበታል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይገድልም፤ መሰላል ላይ ቆመህ፣ ሁለቱን በጣትህ ይዘህ ሳለ ስልኩ ቢጠራ ግን የምትወድቀው ከመሰላሉ ነው። መብረቅ ሲኖርማ ጭራሽ አይነካም። ከሁሉ የባሰው አደጋ ግን ከስልኩ ሽቦ አይደለም፤ ከድሪሉ ነው። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን የመብራት ሽቦ ያልፋል፤ እዚያ የሚበሳ ሰው የሚያገኘው 230 ቮልት ነው። ሌላም አለ። እንግሊዝ ውስጥ አስቤስቶስ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ የካውንስል ሕንፃዎች ጣሪያና ግድግዳ ላይ ሊኖር ይችላል፤ ሳይበሳ የተኛ፣ ሲበሳ ሳንባ ውስጥ የሚገባ አቧራ። ካውንስሉ ስለ አስቤስቶስ መዝገብ አለው፤ መጠየቅ ነው፤ ስልክ መደወል ነፃ ነው።

በተለይ ይህቺን ስሙኝ። በመኖሪያችሁና በጋራው ኮሪደር መካከል ያለውን ግድግዳ ወይም የመግቢያውን በር ጉበን አትብሱ። እሱ እሳት ለማቆም የተሠራ ግድግዳ ነው። ሰኔ 2017 ግሬንፌል ሲቃጠል 72 ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ መካከል ከእኛው አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። የዚያ እሳት ዋና ምክንያት የውጭው ልባስ እንጂ የስልክ ሽቦ አልነበረም። ትምህርቱ ግን ያው ነው፦ ፎቅ ቤት ውስጥ የአንዱ ቀዳዳ የሁሉም ቀዳዳ ነው። ለ30 ፓውንድ ብሎ በዚያ ግድግዳ የሚያልፍ ሰው ጎረቤቶቼን አላማከረም።

እሺ፣ ታዲያ ምን አደረግን?

ማስተር ሶኬቷን አላዛወርናትም። ባለችበት ቀረች። ማዛወር ያስፈልጋል ብዬ ማሰቤ ራሱ ስህተት ነበር፤ የሚያስፈልገው ከእሷ ወዲህ፣ በእኛ ወገን፣ ሁለተኛ ሶኬት መትከል ነው። ይህ ደግሞ የተፈቀደ ነው። የታችኛዋን ክዳን ፈታሁ፤ በዚያው ቅጽበት ክዳኗና ከእሷ የሚወጣው ሁሉ ከመስመሩ ተለያየ። ቮልት የለ፣ መንጫጫት የለ። ከክዳኗ ጀርባ ሽቦ መያዣዎች አሉ፤ በአሮጌዎቹ ላይ 2፣ 3 እና 5 የሚል ቁጥር አለ፤ በአዳዲሶቹ ላይ ሀ እና ለ እንደማለት ሁለት ፊደል ብቻ። የሚፈለጉት ሁለት ናቸው፦ 2 እና 5። ሦስተኛዋ ለጥንቱ ደወል የነበረች ናት፤ ለዛሬ ስልክ አትጠቅምም፤ እንዲያውም እንደ አንቴና ሆና ኢንተርኔት ታውካለች። ተዉአት።

ገመዱ የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ያለው የስልክ ገመድ ይሁን። ከሱቅ የሚገዛው ጠፍጣፋ ማራዘሚያ፣ ያ እቴቴን የጣለው ዘር፣ ሽቦዎቹ አልተጠማዘዙም፤ ጩኸት ይሰበስባል። ሰማያዊና ነጩን ጥንድ መርጣችሁ፣ እዚህ 2 ላይ የገባው እዚያም 2 ላይ፣ እዚህ 5 ላይ የገባው እዚያም 5 ላይ ይግባ። ሽቦውን አትላጡት፤ መያዣው ራሱ ሲጫኑት ልጣጩን ይቆርጣል። በካቻቢቴ ግን አትጫኑት! ጥርሱ ይከፈትና መቼም ጠብቆ አይዝም። ለዚህ የተሠራ ትንሽ ፕላስቲክ መግፊያ አለ፤ ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ገመዱን በዞኮሎው ጫፍ ጫፉን፣ ከመብራት ገመድ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር አርቄ፣ በትናንሽ ምስማር ያዝኩት። አንድም ግድግዳ አልበሳሁም፤ በመኝታ ቤቱ በር ጉበን ዞሮ ገባ። የምንጣፉ ስር ገመድ ወጥቶ ተጣለ።

ከሰዓት በኋላ አልፈጀም። ወጪው ከ20 ፓውንድ በታች ነው፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ለእቴቴ የገዛሁት ዳቦ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ እኔ ራሴ ልሳሳት የነበረባቸው ናቸው። የማንቂያው ማሽን መስመሩን መያዝ እንዲችል ስልኩ ከማሽኑ በኋላ መሰካት አለበት። ኮሪደር ላይ ሌላ ስልክ ተሰክቶ ቢቀርና መነጋገሪያው በደንብ ሳይቀመጥ ቢያድር፣ ቀይዋ ቁልፍ ብትጫን እንኳ ማሽኑ መስመር ላያገኝ ይችላል። የኮሪደሩን ስልክ ነቀልነው። ሁለተኛ፣ ክዳኗ ሁለት ቀዳዳ ካላት (አንዱ ለስልክ፣ አንዱ ለኢንተርኔት) ለስልክ የሚወጣው ሽቦ የኢንተርኔቱን ምልክት አይዝም። ስለዚህ ራውተሩ ባለበት ይቅር፤ ኢንተርኔት ሌላ ክፍል ከፈለጋችሁ ከራውተሩ የኔትወርክ ገመድ ሳቡ።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? የመዳቡ መስመር ሊዘጋ አይደል?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። አዲስ የድሮ ዓይነት መስመር መሸጥ በመስከረም 2023 ቆሟል። መዝጊያው መጀመሪያ በ2025 መጨረሻ ተብሎ ነበር፤ በ2024 ወደ ጥር 2027 ተገፋ። ለምን ተገፋ? እንደ እቴቴ ባሉ ሰዎች ምክንያት። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ማንቂያ የሚጠቀሙት 1.8 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። በ2023 አንዳንዶቹ መስመራቸው ወደ ዲጂታል ከተቀየረ በኋላ ቁልፋቸውን ሲጫኑ ማንቂያው ሳይሠራ ቀረ፤ በዓመቱ መጨረሻ ትልልቆቹ ድርጅቶች ተጋላጭ ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው መቀየር ለማቆም ቃል ገቡ። አሮጌው ስልክ ኃይሉን ከማዕከሉ ያገኝ ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አዲሱ በራውተር ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ድርጅቶች ለተጋላጭ ደንበኞች መብራት ጠፍቶም ቢያንስ አንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚያስችል መፍትሔ እንዲሰጡ ያዛል። መጠየቅ ግን አለባችሁ። ያልጠየቀ ሐበሻ አያገኝም፤ ሐበሻ ደግሞ አይጠይቅም።

እኔን የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው። በሚተዉት ሽቦ ላይ እንኳ «አትንኩ» የሚሉ ሰዎች፣ አዲሱን ሲያስገቡ «የት ይሁንላችሁ?» ብለው አይጠይቁም። ፋይበር ሲገባ ቴክኒሻኑ ለእሱ የሚቀርበውን ቦታ ይመርጣል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ በሩ ጥግ ነው። ከዚያ ለሚቀጥለው ሃያ ዓመት ሌላ ገመድ በሌላ ምንጣፍ ስር ይሄዳል። የፋይበር ሳጥን ደግሞ እንደ መዳቡ ሁለት ብሎን ፈትታችሁ የምትቀጥሉት አይደለም። ስለዚህ የእናታችሁ፣ የአክስታችሁ፣ የጎረቤታችሁ ቤት የሚገጠምበትን ቀን ጠይቁና ሥራ ቀርታችሁም ቢሆን ተገኙ። ድሪሉን ከማንሳቱ በፊት ቦታውን በጣታችሁ አሳዩት። አልጋው ጋ፣ የመብራት ሶኬት ባለበት። በእንግሊዝኛ ለማይከራከሩ አዛውንት ያቺ ግማሽ ሰዓት ብቻ ናት ዕድላቸው።

ሲቀየርም አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከራውተሩ የሚወጣውን የስልክ መስመር ከአሮጌው የቤት ሽቦ ጋር ማገናኘት የሚቻለው ሽቦው ከማስተር ሶኬቷ ሙሉ በሙሉ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረ ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። የ30 ፓውንዱ ወንድማችን ይህንን እንደማያውቅ በመስቀል እምላለሁ።

እቴቴ ጋ ሥራው ሲያልቅ የቀረው መሞከር ነበር። ያለ ሙከራ ማንቂያ ማንቂያ አይደለም፤ ድርጅቶቹም ራሳቸው ሞክሩ ይላሉ። «ይጫኑት እቴቴ» አልኳቸው።

«ሳልወድቅ?»

«ሳይወድቁ።»

አማትበው ተጫኑት። ማሽኑ ጮኸ፣ ደወለ፣ ትንሽ ቆይቶ የአንድ ወጣት ድምፅ በእንግሊዝኛ ደህና መሆናቸውን ጠየቀ። ሙከራ መሆኑን ልነግረው አፌን ስከፍት እቴቴ ቀደሙኝ፤ ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብለው በአማርኛ «ማነህ ልጄ፣ በላህ?» አሉት።